ነጂውና ረዳቷ

ኦበርሎህ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1988

ይድረስ ለቡርጊ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽ ሂንሪክስ እንደምን አለ? ባሕሩ አላስቸገረውም? እኛ ደህና ነን። በረዶው ገና ከጣራው አልወረደም። እህቴ አፍራ በየጠዋቱ መሰላል ላይ ወጥታ በመጥረጊያ ትደበድበዋለች። እኔ ከታች ቆሜ እንዳትወድቅ እጮህባታለሁ፤ ጆሮዋ ስለማይሰማ ጩኸቴን እንደ ምርቃት ቆጥራ እጇን ታወዛውዝልኛለች።

ለጥያቄሽ መልሱ፣ አዎ፣ አለች። አልሸጥኳትም። ግን እንዲህ ያለ ነገር በፖስት ካርድ ይጠየቃል? ፖስተኛው አንብቦት ኖሮ ገና ከበሩ ላይ «ሎሬንዝ፣ ዙንዳፗን ሞተርህን ልትሸጣት ነው እንዴ?» አለኝ። በሳምንቱ ከወዲያኛው ከተማ አንድ የጥርስ ሐኪም ሊያያት መጥቶ በአፍራ መጥረጊያ ተባሮ ሄደ። አረንጓዴዋ ሞተሬ እንደ ድሮዋ ጎተራ ውስጥ ናት፤ ፋብሪካዋ ተዘግቶ እሷ ግን አለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለሌላ ጉዳይ ነው። የሃክልበርግ ዳገት ሊከፈት ነው! ውድድሩ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ክለቡ በጁን መጨረሻ እሑድ የድሮ ሞተሮችን ሰብስቦ ሽቅብ ሊያስወጣ ነው። ሰዓት አይያዝም፣ ዋንጫ የለም፣ ለትዝታ ብቻ ነው ይላሉ። እነዚያን ሽማግሌዎች እኔም አንቺም እናውቃቸዋለን፤ ሄልሜት ካጠለቁ በኋላ ትዝታ የሚባል ነገር አያውቁም።

የክለቡ ሊቀመንበር አሁን ወጣት ሰው ነው። «እርስዎ ነጂ ነበሩ፤ ረዳትዎስ ማን ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዋልቡርጋ የምትባል ሴት ናት» አልኩት ሙሉ ስምሽን ጠርቼ። «እኔ መሪውን ይዤ ስነዳ፣ እሷ ከሞተሯ ጎን በታሰረችው ጋሪ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተንጠልጥላለች። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ጋሪዋ እንዳትገለበጥ ወደ ቀኝ ወጥታ መሬት ልትልስ ትደርሳለች። ወደ ግራ ስንታጠፍ ደግሞ ከጀርባዬ ዞራ የኋላው ጎማ ላይ ትደፋለች።» ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። «አሁንም በሕይወት አሉ?» አይለኝ መሰለሽ! ስድሳ እንኳ አልሞላትም ብዬ ተቆጣሁልሽ።

እና ትመጫለሽ? ካልመጣሽ እንደ ልምምድ ቀን የአሸዋ ጆንያ ጋሪዋ ላይ ጭኜ መውጣቴ ነው። ከአንቺ የሚለየው ጆንያው አለመሳደቡ ብቻ ነው።

ያ ዝናባማ ዓመት ትዝ ይልሻል? መቃብሩ ኩርባ ላይ የግራ ቦቲሽ ወልቆ ቀርቶ ሽልማቱን በአንድ እግር ጫማ የተቀበልሽው? ቦቲውን ያገኘው መቃብር ቆፋሪው ነበር፤ የሞተ ሰው ጫማ መስሎት አንቺን እስኪያይ ድረስ ሦስት ቀን ጸልዮልሻል።

ጽሕፈቴ ከተበላሸ የብዕሩ ጥፋት ነው።

ሎሬንዝ


ቢዙም፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1988

ይድረስ ዕድሜ ላላስተማረው ለሎሬንዝ ሃበርኮርን፣

አንተም አፍራም እንደምን አላችሁ? እኛ ጋ ንፋስ እንጂ በረዶ የለም። ደብዳቤህን ሳነብ ሂንሪክ ፊቴን አይቶ «ማን ሞተ?» አለኝ። «ማንም አልሞተም፤ ሎሬንዝ ዳገት ሊወጣ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ገና ነዋ የሚሞተው» አለና የሽሪምፕ መረቡን መጠገኑን ቀጠለ። ባሌን ታውቀዋለህ፤ ሞተር የሚባል ነገር ጀልባ ውስጥ ካልሆነ አያምነውም።

እሺም እምቢም አላልኩም። ዳሌዬ ጠዋት ጠዋት እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንጫጫል። ደግሞም ይህ አገር እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ነው፤ ትልቁ ተራራችን ባሕሩን የሚያግደው የአፈር ግድብ ነው። ግን ልዋሽህ አልችልም። ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ የዚያ የውድድር ዘይት ሽታ በአፍንጫዬ እየመጣ ሥራ አስፈትቶኛል። የክረምቱ የሞተረኞች ስብሰባም ትዝ አለኝ፤ በረዶ ላይ ጭድ አንጥፈን አድረን፣ ጠዋት ሞተሯ አልነሳ ብትል ከሆዷ ሥር እሳት ያነደድክባት፣ የቼክ አገሮቹ ነጂዎች ደግሞ «ጠበሳችኋት» ብለው ሰናፍጭ ይዘው የመጡት። ያን ቀን የሳቅሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ። ደብዳቤህ ውስጥ በየመስመሩ መጨረሻ ቃል ይጎድላል። ወረቀቱ ሲያልቅ አንተ አላቆምክም፤ ግማሹ መልእክት ጠረጴዛህ ላይ ነው የቀረው። የቀረውን በግምት ሞልቼ ነው ያነበብኩት። መጠጥ ነው ወይስ ችኮላ?

ቡርጊ


ኦበርሎህ፣ ማርች 20 ቀን 1988

ውድ ቡርጊ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የላክሽልኝ ሰፋፊ ወረቀት ደርሶኛል፤ እንደምታይው እየጻፍኩበት ነው። ለአንድ ደብዳቤ የጠረጴዛ ልብስ የሚያህል ወረቀት ያስፈልጋል ካልሽ ይሁን። አልጠጣሁም። የመነጽሬ ነገር ነው፤ አርጅቷል፤ እቀይረዋለሁ።

ከወረቀቱ ጋር ስለጠየቅሽኝ የፕለም ዛፍ ማን ነገረሽ? ያ ወረኛ ፖስተኛ ነው አይደል? ዛፉ ድሮም ወደ በሩ ያጋደለ ነው። ጋሪዋ ትንሽ ላጥ አደረገችው እንጂ ሌላ ነገር የለም። ልምምድ ላይ የነበረው ጆንያው ብቻ ነው፤ እሱም ቅሬታ አላቀረበም።

አፍራ ደህና ናት። አትሰማም፤ እኔ ደግሞ... ብቻ ሁለታችን ስንደመር አንድ ደህና ሰው ይወጣናል። በስልክ ደውለሽ ከሆነ እሷ ናት ያነሳችው፤ «ሰው የለም» ብላ ዘግታዋለች። እባክሽ በደብዳቤ እንቀጥል።

ዙንዳፗ ተነስታለች! ካንዴላዎቿን ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን በትኜ በነዳጅ አጠብኩ። በሦስተኛው ርግጫ ሳል ሳል አደረጋት፤ በአራተኛው ጎተራው ተናወጠ። አፍራ እንኳ ሰማችና «በሩን ዝጋ» አለች።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ዳገቱን ጻፊልኝ። ያኔ ከመነሳታችን በፊት ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደ ጸሎት የምትደግሚውን። የት ትወጫለሽ፣ የት ትመለሻለሽ፣ በምን ታውቂያለሽ። ጎላ ጎላ ባሉ ፊደሎች ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሎሬንዝ


ቢዙም፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1988

ሎሬንዝ፣

በመጀመሪያ እንኳን ለፋሲካው አደረሳችሁ። ሁለተኛ፣ ዳሌዬን ሐኪም አየው፤ «ምን አስበሻል?» አለኝ፤ ነገርኩት፤ ሳቀ፤ አልከለከለኝም። ስለዚህ እመጣለሁ። ሂንሪክ «ባሕር አልበቃሽም?» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈ፤ በማግስቱ የድሮውን የቆዳ ጃኬቴን ዘይት ሲቀባልኝ አገኘሁት።

ዳገቱ ይኸውልህ። ከቢራ ጠማቂው በር እንነሳለን። ወፍጮው ጋ ቀኝ ነው፤ የወፍጮው ግድግዳ ጥላ ፊቴን ቀዝቀዝ ሲያደርገው እወጣለሁ፤ ፀሐይ ስትመለስ እመለሳለሁ። ከዚያ ቼሪ ዛፉ ጋ ግራ፤ የእግርህ ጡንቻ ሲጠነክር ጀርባህን ዞሬ እደፋለሁ። ከዚያ ረጅሙ ቀኝ፣ የድንጋይ ካባው፤ ጠጠር ሄልሜቴን መምታት ሲጀምር ወጥቼ እስኪያቆም አልመለስም። ከዚያ መቃብሩ ጋ ግራ፣ ቁልቁል የሚያሳየው ክፉው። እዚያ የሞተሩ ድምፅ ከመቃብሩ ግንብ ተመልሶ ሲጮህብኝ መሄድ አለብኝ፤ ከጮኸ በኋላ ካሰብኩ አልቆልናል። ከዚያ ቀጥ ብሎ እስከ ጸሎት ቤቱ።

ስጽፈው ራሴን ገረመኝ። መንገዱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ያየሁት አስፋልትና የአንተን ቦቲ ብቻ ነው።

ግን ለምን ፈለግከው? ያኔ ስደግመው ስትሰማ «ምን ያስጨንቅሻል፣ መንገዱን የማየው እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር። አሁን በጎላ ፊደል ጻፊልኝ ትላለህ። መነጽሩን ቀየርክ?

ቡርጊ


ኦበርሎህ፣ ሜይ 3 ቀን 1988

ውድ ቡርጊ፣

በላይ በላዩ የላክሻቸው ካርዶች ደርሰውኛል። አትቆጪ። ዳገቱን ስለጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ አጥንቼዋለሁ።

ቄሱ ሞተሮችን የሚባርኩበት በዓል እንዴት ነበር ላልሽው፣ እጅግ ደመቀ። አደባባዩ ሞልቶ ነበር። ሞተሩ ሁሉ በተርታ ቆሞ፣ የነሐስ ባንዱ እየነፋ፣ አባ ቦኒፋዝ ጸበላቸውን እየረጩ ሲያልፉ እኔ ትንሽ ዘግይቼ ደረስኩ። የጸበሉ ባልዲ መሐል መንገድ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ማን እዚያ ያስቀምጣል? ጋሪዋ ገጨችውና አባ ከወገባቸው በታች በሰበሱ። «ሎሬንዝ፣ ሌላው በጠብታ ይጠመቃል፤ አንተ በባልዲ ካልሆነ አይበቃህም?» አሉኝ። አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ።

ማንም አልተጎዳም። ጡሩምባ ነፊው ሴፕ ከመንገዱ ሲዘል እግሩ ትንሽ ተላጠ እንጂ። እሱም ድሮም ሰበብ ፈላጊ ነው፤ «ጡሩምባዬ ባይኖር ኖሮ ሞቼ ነበር» እያለ በየመጠጥ ቤቱ ያስቀዳል።

አባ ቦኒፋዝ ማታውኑ ቤት መጥተው ብዙ ተቀመጡ። ምን እንዳሉኝ አልነግርሽም። ደግ ሰው ናቸው።

የጁኑን ባቡር ትኬት ቆርጠሻል? ሐሙስ ብትደርሺ ሁለት ቀን እንለማመዳለን። አፍራ አልጋሽን አንጥፋለች።

ሎሬንዝ


ቢዙም፣ ሜይ 11 ቀን 1988

ሎሬንዝ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ፕለም ዛፉ ከግቢህ ስትወጣ በስተቀኝ ነው፤ ሥሩ ቁጭ ብዬ ስንት ዓመት ድንች ልጫለሁ። ባልዲውን የገጨችው ጋሪዋ ናት፤ ጋሪዋ በቀኝ ናት። ሴፕም የዘለለው ከቀኝህ ነው። ቃላቱ የወደቁትም ከወረቀቱ ቀኝ ጫፍ ነው። በግራህ በኩል አንዲት ድመት እንኳ አልተረገጠችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንተ ስታውቀው የኖርከውን እኔ እዚህ ባሕር ዳር ተቀምጬ ከሳቅህ መሐል መልቀም ነበረብኝ?

ቀኝ ዓይንህ አያይም።

እኔስ የምንጠለጠለው በየት በኩል ነው? ንገረኝ እስቲ። በቀኝህ ነው።

ለራሴ ብቻ የፈራሁ አይምሰልህ። ወፍጮው ኩርባ ላይ ሰው የሚቆመው በቀኝ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው። ትዝ ይልሃል፣ እጃችንን ሊነኩ ይቃጣቸው ነበር። እነሱ እዚያ ቆመው ዓይኔ ላይ እየመጡ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ትናንት ለሂንሪክ ሾርባ ብዬ ዓሣ የታጠበበትን ውሃ አቀረብኩለት።

ተናድጃለሁ። ፈርቻለሁም። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ፤ ስለ ብዕርና ስለ መነጽር እንዳታወራልኝ።

ግራውስ?

ቡርጊ


ኦበርሎህ፣ ሜይ 19 ቀን 1988

ቡርጊ፣

ግራውም እየሄደ ነው።

ቀኙ የጠፋው ባለፈው መከር ነው። ግራው በጭጋግ ውስጥ እንዳለ መስኮት ሆኗል፤ ፊት አያለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን ድምፁን ካልሰማሁ አላውቅም። ሐኪሙ እስከሚመጣው ጸደይ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይቀርልሃል ብሎኛል። መድኃኒት የለውም። አፍራ ታውቃለች፣ አባ ቦኒፋዝም። አሁን አንቺ።

የሐሳቤን ልንገርሽና ከፈለግሽ ስደቢኝ። አንቺ ወደ ቀኝ ስትወጪ ክብደትሽ በመሪው በኩል እጄ ላይ ይመጣል። ከጀርባዬ ስትዞሪም እንዲሁ። ያኔም ቢሆን ግማሹን ኩርባ የታጠፍኩት አንቺ ስትንቀሳቀሺ ነው፤ ዓይኔ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነበር። ስለዚህ አንቺ ስትወጪ እኔ እታጠፋለሁ። ዳገቱን ያስጻፍኩሽ ለዚህ ነው፤ በአጉሊ መነጽር አንብቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ቀስ ብለን እንወጣለን።

ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡርጊ። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዶሮ መስማት ነው የቀረኝ። እኔ ሌላ ነገር ሆኜ አላውቅም፤ ነጂ ነኝ።

ከመጣሽ መጣሽ። ካልመጣሽ ከጆንያው ጋር እወጣለሁ። ማስፈራራት ነው ብትይም ይሁን።

ሎሬንዝ


ቢዙም፣ ጁን 5 ቀን 1988

ውድ ሎሬንዝ፣

እንደምን አለህ? ሰላምታው የሁለቱም ደብዳቤ ነው።

ዝም ያልኩህ ስለጨከንኩ አይደለም። ጽፌ ጽፌ ቀድጃለሁ። አንዱ ደብዳቤ ለክለቡ ሊቀመንበር የተጻፈ ነበር፤ ቴምብር ሁሉ ለጥፌበት ነበር። እሱንም ቀደድኩት፤ ገና ነው ብዬ። አንተ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነህና፣ ጆንያውን ይዘህ ብትወጣ ድጋሚ መጻፌ አይቀርም። ይህንንም ማስፈራራት በለው።

ሁሉንም ለሂንሪክ ነገርኩት። የመረብ መጠገኛ መርፌውን አስቀመጠ። ከዚያ «እኛ ጋ ዓይኑ የደከመ ሰው ከጀልባ አይወርድም» አለኝ። «ታዲያ ምን ይሠራል?» አልኩት። «መሪ አይዝማ። መረብ ይስባል። መረብ የሚታየው በእጅ ነው።» ይህን ብሎ ወደ መርፌው ተመለሰ፤ እኔ ግን ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ሎሬንዝ፣ የጋሪው ሰው ማየት አያስፈልገውም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ምን አየሁ? በጥላ፣ በጠጠር፣ በድምፅ ነው የወጣሁት። አንተ ደግሞ ሁሉንም በቃልህ ይዘሃል፤ ራስህ ነህ የነገርከኝ። ነጂዋ እኔ ልሁን፤ ረዳቱ አንተ።

ከመጮህህ በፊት ስማኝ። የዓሣ ነጋዴው ቲዬስ ሣጥን የሚያመላልስበት ባለ ጋሪ ሞተር አለው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በግድቡ መንገድ ላይ እየተለማመድኩበት ነው፤ ጋሪው ላይ ሂንሪክ ተቀምጦ። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ያልጮኸውን በአንድ ከሰዓት ጮኸ። ትናንት ግን ሳልነግረው በትክክል ተደፋልኝ፤ ሲወርድም «ሌላ ዙር የለም?» አለ። እስከ ዛሬም ሁለታችንም ዓሣ ዓሣ እንሸታለን።

ደግሞም አንድ ጊዜ ነድቼሃለሁ። ኦስትሪያ ውስጥ የእጅህ አንጓ የተሰበረ ጊዜ ተራራውን አሻግሮ ቤትህ ያደረሰህ ማን መሰለህ? ጋሪው ላይ ታንኮራፋ ነበር።

ለሊቀመንበሩ የሚጻፈው አዲስ ደብዳቤ ይኸው ይሆናል፤ ስሞቹን ቦታ መቀያየር ብቻ። አስብበት።

ቡርጊ


ኦበርሎህ፣ ጁን 11 ቀን 1988

ዋልቡርጋ፣

በጭራሽ! ሎሬንዝ ሃበርኮርን በሃክልበርግ ሕዝብ ፊት ጋሪ ላይ ተንበርክኮ! ሴፕ ይህን ካየ ጡሩምባውን ሸጦ እኔን እያወራ ይኖራል። አባቴ ፈረስ ሲነዳ ኖሮ ፈረስ ሲነዳ ሞተ፤ ማንም ጋሪው ላይ አላስተኛውም። ለባልሽ ንገሪው፣ እኔ ሽሪምፕ አጥማጅ አይደለሁም። ይህን አሳብሽን ከነዓሣ ሽታው

ከላይ ያለውን ትናንት ነው የጻፍኩት። አልቀድደውም፤ ያሰብኩት እንደዚያ ነበርና እወቂው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ጎተራ ገባሁ። መሪውን ሳልነካ አለፍኩና ጋሪዋ ላይ ወጣሁ። ለአፍራ በእጄ ምልክት ሰጥቻት ሞተሯን በግቢው ውስጥ ገፋ ገፋ አደረገችልኝ፤ የሰው እርምጃ ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ቡርጊ፣ ፈራሁ።

ከጣውላና ከሁለት እጀታ በቀር ምንም የለም። ፍሬን የለ፣ መሪ የለ፣ ነዳጅ መስጫ የለ። መሬቱ እዚያው አፍንጫ ሥር ነው። ወዴት እንደምሄድ የምታውቀው አፍራ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ቁሚ ብላት አትሰማም። ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከጎኔ እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አላወቅሁም፤ ተኝቼበት እንጂ ነቅቼ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅማ። እንደ ሕፃን «በቃ፣ በቃ» እያልኩ ነው የወረድኩት፤ አፍራ ፊቴን አይታ ሞተሯን ትታ ደገፈችኝ።

የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው፤ ለመከራከር አይደለም፤ ማወቅ ስላለብኝ ነው። እንደማልጥልሽ በምን ታውቂ ነበር?

ሎሬንዝ


ቢዙም፣ ጁን 16 ቀን 1988

ውድ ሎሬንዝ፣

አላውቅም ነበር።

ሌላ መልስ ፈልጌ ሦስት ቀን ግድቡ ላይ ተመላለስኩ፤ የለም። በየኩርባው እፈራ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ዳገቱን ስደግም ጸሎት ይመስልህ ነበር፤ ጥርሴ እንዳይንቀጫቀጭ ነው የማወራው። አንዳንድ ቀን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ሄጄ አስመልሼ ነው ለፎቶ የምቆመው። አንተ ወደ ኋላ ስለማትዞር አላየኸኝም፤ እኔም አልነገርኩህም። ብነግርህ ሌላ ረዳት ትፈልግ ነበር፤ እኔ ደግሞ መቅረት አልፈልግም ነበር። መፍራቴና መውደዴ አንድ ላይ ነበሩ፤ ለይቼ ልነግርህ አልችልም።

ስለዚህ አትጣዪኝ ብለህ ቃል አታስገባኝ። አልገባም። የምችለውን ያህል ቀስ እላለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው፤ እጄም ከባሕር ዳር ሥራ የተነሳ ከድሮው ይበረታል። የቀረው የአንተ ነው።

ለሊቀመንበሩ ጽፌያለሁ። ነጂ ዋልቡርጋ፣ ረዳት ሎሬንዝ ብዬ። የዓይንህን ነገርም አልደበቅኩትም፤ ያለዚያ ወፍጮው ጋ የሚቆሙትን ሰዎች ማታለል ነው። «ነጂዋ ካየች ይበቃል፤ ግን በዝግታ» ብሎ በስልክ መልሷል።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ እደርሳለሁ። ቀጥታ ወደ ጎተራው ነው የምመጣው። ጋሪዋ ላይ ካገኘሁህ እንወጣለን። መሪውን ይዘህ ካገኘሁህ ኮፍያዬን ሳላወልቅ በዚያው ባቡር እመለሳለሁ፤ አልቆጣህም፣ አልታረቅህምም።

ይህን አፍራ ታንብብልህ። ጮክ ብላ ነው የምታነበው፤ ቻለው።

ቡርጊ


ኦበርሎህ፣ ጁላይ 4 ቀን 1988

ይድረስ ለቡርጊ፣

በሰላም ገባሽ? ሂንሪክስ እንዴት ተቀበለሽ? ይህን የምትጽፈው አፍራ ናት፤ እኔ ጆሮዋ ላይ እጮኻለሁ። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ሰፈሩም እየሰማ ነው። የማፍርበት ነገር ካለ ከሰፈሩ ጋር አብረሽ ትሰሚዋለሽ።

ሴፕ እንደፈራሁት ነው። «ሎሬንዝ በመጨረሻ ለሴት ተንበረከከ» እያለ ያስቀዳል። ያስቀዳ። እኔም አብሬው ጠጣሁ።

ባቡሩ ሲነሳ በመስኮት የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም። ሰው ነበር፣ ጩኸት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፌ አልፈታ ብሎኝ ነው። መቃብሩ ጋ ለምን ዘገየህ አልሽኝ።

ወፍጮው ጋ ጥላው ፊቴን ሲነካው ወጣሁ፤ ቼሪው ጋም ተደፋሁ፤ ካባው ጋ ጠጠሩ ሲመታኝ በደስታ ጮኼ ነበር። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ድምፁ ከግንቡ ተመልሶ ጮኸብኝ፤ ሰማሁት፤ መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን እጀታውን አልለቅ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለዚያ ዓይን መጨፈን ምን ይረባዋል አትበይኝ፤ ከፍርሃት የተነሳ ነው የጨፈንኩት። አለቀልን አልኩ።

ከዚያ ሞተሯ ዝግ ስትል ተሰማኝ። ነዳጁን መለስሽው። አልጮህሽብኝም፣ አልዞርሽም። ዝም ብለሽ እስክመጣ ጠበቅሽኝ። እኔም እጄን ለቅቄ ከጀርባሽ ዞርኩና ተደፋሁ፤ ያን ጊዜ ታጠፍሽ።

እንደዚያ መጠበቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር፣ ቡርጊ። ስነዳሽ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜም አልጠበቅኩሽም፤ አንቺ ደርሰሽ ተገኘሽ እንጂ። አፍራ ይህን ስትጽፍ ብዕሯ ቆመ፤ ጻፊ አልኳት።

ሐኪሙ ለጸደይ ያለው ነገር ቀድሞ እየመጣ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ነጭ መሆኑን ብቻ ነው የማየው። ያስፈራኛል፤ አልዋሽሽም። ክለቡ በሚመጣው ዓመትም ዳገቱን ሊከፍት ነው አሉ። የጎተራውን ቁልፍ ለአፍራ ሰጥቻታለሁ፤ ቡርጊ ካልመጣች ብለምንሽም እንዳትከፍቺልኝ ብያታለሁ።

ረዳትሽ፣
ሎሬንዝ